ባለቤት የሌለው ጉበን

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ለስላሳና ብስኩት አቀረቡ፤ ጃንጥላ ሸለሙኝ፤ «እስቲ እትዬ ትርንጎ፣ ትንሽ ንግግር ያድርጉልን» አሉኝ። ብድግ ብዬ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እናንተንም ለዚህ ያብቃችሁ» አልኩና ተቀመጥኩ። እነሱ ሲያጨበጭቡ የእኔ ሐሳብ ጉልበቴ ላይ ነበር፤ ከወንበር መነሳት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖብኛል።

ልንለያይ ስንል አንዲት ወጣት መሐንዲስ ጠጋ ብላ «ከሠሩት ሁሉ የትኛውን ይወዱታል?» ብላ ጠየቀችኝ። በደግነት ነው የጠየቀችው። ምን ልበላት? የነደፍኳቸው ክሊኒኮች፣ መጋዘኖችና ቢሮዎች አብዛኞቹ ዛሬም ቆመዋል፤ በአጠገባቸው ሳልፍ ግን አንገቴን እንኳ አላዞርም። «አንድ በር ነበር» አልኳት። «የምን በር?» አለች። የቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም መሆኑን ስነግራት ባጃጇ መጣችና ተሰናብታኝ ሄደች። ጀምሬ የተውኩት ወሬ እንቅልፍ ይነሳኛል። ስለዚህ ልጻፈው።

የተወለድኩት ጎጃም፣ ሞጣ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ንድፍ ተምሬ ስጨርስ ዕጣዬ አርባ ምንጭ ወጣ። እናቴ «አርባ ምንጭ? እንግዲህ ውሃ አያሳጣሽም» አለችና አለቀሰች። እኔም ለጥቂት ጊዜ ነው ብዬ መጣሁ። ወደ አገሬ ዝውውር በየዓመቱ እጠይቅ ነበር፤ መጠየቁን መቼ እንደተውኩት አላስታውስም። ደርግ ከወደቀ ብዙም አልቆየም፤ ከተማዋ ያኔ የሰሜን ኦሞ መቀመጫ ነበረች። የመጀመሪያው አለቃዬ ስሜን ሲሰማ «ሙዝና ማንጎ በሞላበት አገር ደግሞ ትርንጎ ላኩልን!» አለ። ቢሮው ሁሉ ሳቀ፤ ቀልዱም ከአለቃው ዝውውር በኋላ እንኳ አልተዛወረም። ደመወዙ ኪራይና ቀለብ ሸፍኖ ለእናቴ የምልከውን ትንሽ ያስቀር ነበር፤ ስለሱ ይኸው ይበቃል።

መጀመሪያ የላኩኝ ኩልፎ ወንዝ ዳር ነው። የሙዝ ማሳዎቹን የሚያጠጣው ቦይ መክፈቻና መዝጊያው ተበላሽቶ ስለነበር እሱን ስለካ ከረምኩ፤ ያተረፍኩትም ወባ ነው። ከዚያ ገረሴ የእህል መጋዘን አሠራን። የገረሴን ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጫማዬ እዚያ ቀርቶ እግሬ ብቻ ተመልሷል። ሁለተኛው አለቃዬ ሲሚንቶ የሚወድ ሰው ነበር። ማንኛውም ጥያቄ ሲቀርብለት መልሱ ኮንክሪት ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቸኩሎ የተወለደ ሰው ነበር።

ሥራ ያስተማሩኝ ግን ጋሽ መኩሪያ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። የመሥሪያ ቤታችን የግንበኞች ፎርማን ነበሩ፤ መንዝ ተወልደው፣ ቤቱም አጥሩም ድንጋይ በሆነበት አገር ያደጉ። እሳቸውም እንደኔ ከአገራቸው ርቀው የቀሩ ናቸው። ድንጋይ ከማንሳታቸው በፊት ጫፉን በመዶሻ መታ አድርገው ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ «ጤነኛ ነው» ይላሉ፤ ድምፁ ከታፈነ ውስጡ ስንጥቅ አለ ማለት ነውና ይተዉታል። ለድንጋይ ሁሉ የሰው ስም ያወጣሉ። የግንብን ሁለት ፊት አቋርጦ የሚያያይዘው ረጅም ድንጋይ «ሚዜ» ነው። ለዓይን አምሮ ሸክም የማይችለው «ሙሽራ» ነው። ሜዳ ላይ ያለ ጥቅም የተጋደመ ሁሉ ደግሞ «ሥራ ፈት» ነው። «እስቲ ሥራ ፈት ፈልጉልኝ» ካሉ ሠራተኛው በየሜዳው ይበተናል። ያልተጠየቀ ድንጋይ ግን አያነሱም፤ ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ ከሰው አጥር ጠጠር አይወስዱም ነበር።

ከእኔ ጋር እንዴት እንደሠሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሴት ልጅ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር የማትገባባቸው ቀናት አሉ። እኔም እነዚያን ቀናት እጠብቃለሁ፤ አፍ አውጥቼ ለማንም አልናገርም። ጋሽ መኩሪያ ከደጁ ራቅ ብዬ ስቆም አይተው፣ ወደኔ ሳይዞሩ «ዛሬ የውጩን ፊት ነው የምንለካው አይደል?» ይላሉ። «አዎ ጋሼ» እላለሁ። አለቀ። በኋላ ንድፌን ያዩ ሰዎች የቅጥሩ የውጭ ፊት እንዲህ በዝርዝር መነሳቱ ገርሟቸው ነበር። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም።

ወደ በሩ ልምጣ። ጥንታዊ ነውና ጠግኑት ተብለን የተላክንበትን ቤተ ክርስቲያን ስም አልጠራም፤ ሰዎቹ በሕይወት አሉ። ከጨንቻ አልፎ ቀርከሃ በበዛበት፣ ጉም ከሰዓት በኋላ በሚወርድበት ደጋ ላይ ነው። ቅጥሩ ክብ ነው ይሉታል እንጂ ሲለካ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው። ሁለት ዓይነት እጅ ሠርቶታል። ከሥሩ እስከ ወገብ ድረስ ከሰሜን የመጣ ሰው ሥራ ነው፤ ሁለት ፊት አለው፣ መካከሉ በጭቃና በፍርስራሽ ድንጋይ ተሞልቷል። ከወገብ በላይ ያለውን የአገሩ ሰዎች እርከናቸውን በሚሠሩበት መንገድ ጭቃ ሳይነካው ድንጋይ በድንጋይ ላይ አስቀምጠው ሠርተውታል። የሚገርመው የላይኛው ጤነኛ ነበር። የታችኛው ውሃ ጠጥቶ ሆዱን ነፍቶ ነበር። በደቡብ በኩል አንድ ቦታ ጭራሽ ወድቆ ፍየል የሚያስገባ ክፍተት ሆኗል።

ደጀ ሰላሙ ከሁሉ ይበልጣል። ግንቡ ወፍራም ስለሆነ በሩ ትንሽ ክፍል ያህል ጥልቀት አለው፤ ግራና ቀኙ ደጅ የሚጠኑ ሰዎች የሚቀመጡበት የድንጋይ መደብ አለ። ክዳኑን የዶርዜ ሰዎች እንደ ቤታቸው ጣሪያ ቀርከሃ ጎንጉነው አልብሰውታል። የሰሜን ግንብ የጋሞ ባርኔጣ ደፍቷል ማለት ነው። የሁለቱ መቃኖች ድንጋይ ሕዝቡ ሲሳለመው ኖሮ በግንባርና በከንፈር ቁመት ላይ ወዝቶ፣ ጠቁሮ ያበራል። ያንን ቦታ ስለካ ሜትሬን ድንጋዩ ላይ ማሳረፍ ከበደኝ። መጀመሪያ ተሳለምኩ፣ ከዚያ ለካሁ።

የታመመው ጉበኑ ነበር። በሁለቱ መቃኖች ላይ ተጋድሞ የላዩን ግንብ የሚሸከመው የጥድ ግንድ ውስጡ በስብሶ፣ ጋሽ መኩሪያ መሮ ሲሰዱበት እስከ እጀታው ገባ። ንግሡ ቀርቦ ነበር። ታቦቱ የሚወጣው በዚያ በር ነው፤ ከሥሩም ሕዝብ ይጋፋል። አለቃችን እንደ ልማዱ «ኮንክሪት» አለ። ሲሚንቶው ግን ዝናብ ባበላሸው መንገድ ላይ መኪና ተቀርቅሮ ሳይደርስ ድንጋይ ሆነ። ዛፍ እንቁረጥ ቢባል ያለው የቅጥሩ ጥድ ነው፤ እሱን ደግሞ ማን ደፍሮ?

ለጋሽ መኩሪያ የመጨረሻ ሥራቸው ነበር፤ ከንግሡ በኋላ ጡረታ ይወጣሉ። ብዙ ነገር ሠርቻለሁ፣ ለእግዚአብሔር ቤት ግን አንድም አልሠራሁም ይሉ ነበር። የምሳ ዕረፍታችን ላይ ከደጁ ዝቅ ወዳለው ሣር ሜዳ ወረዱ። በሜዳው ዳር ድንጋዮች አሉ፤ ገሚሱ ቆሟል፣ ገሚሱ ተጋድሟል። ከመካከላቸው አንድ ረጅምና ጠፍጣፋ ሣር ውስጥ ተኝቷል። በመዶሻ መታ አደረጉት። ድምፁን እኔም ከላይ ሰማሁት፤ እንደ ደወል ነው።

ከቀን ሠራተኞቹ ታደሰ የሚባል ሸማኔ ነበር፤ አማርኛ ስለሚችል ከጓደኞቹ ጋር የሚያግባባን እሱ ነው። ጋሽ መኩሪያ ጠሩት።

«ታደሰ፣ ይሄ ድንጋይ ባለቤት አለው?»

ታደሰ ከጓደኞቹ ጋር በጋሞኛ ተነጋገረ። ረዘም አለ ንግግራቸው። ከዚያ «ባለቤት የለውም» አለ።

«እርግጠኛ ነህ? ነገ የኔ ነው የሚል እንዳይመጣ።»

«የኔ ነው የሚል ሰው የለም ጋሼ። ማንም አይልም።»

«በቃ ሥራ ፈት ነው!» አሉና እጃቸውን አፋተጉ። «ትርንጎ፣ ለኪው!»

ለካሁት። ለመቃኖቹ ታስቦ የተጠረበ ይመስል ነበር። «እግዚአብሔር ሲሰጥ እንዲህ ነው» ብዬ አማተብኩ።

በማግስቱ ከአገሬው ሠራተኞች አንድም አልመጣም። የጨንቻ ገበያ ስለነበር ገበያ ወርደዋል አልን። በሚቀጥለው ቀንም አልመጡም። ጋሽ መኩሪያ «ሸማኔ ድንጋይ አይወድም» ብለው ቀለዱና ኖራ ባመጣልን መኪና ከአርባ ምንጭ ጉልበተኞች አስመጡ። አጣና ከሥሩ እያንከባለሉ፣ በዲጂኖ እየፈነቀሉ፣ በገመድ እየጎተቱ አወጡት። ጋሽ መኩሪያ ቱንቢያቸውን ጥለው፣ ውሃ ልካቸውን ጉበኑ ላይ አስቀምጠው፣ አረፋው መካከል ላይ ሲቆም ዓይናቸው ዕንባ አቀረረ። ስንት ዓመት አብሬያቸው ሠርቼ እንዲያ ሲሆኑ አይቼ አላውቅም።

መወጣጫውን ያነሳነው ቅዳሜ ነው። እሑድ ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ ከደጁ በላይ ቆምኩ። ሰው በመንገዱ መጣ፤ ወደ በሩ ተጠጋ፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ታጥፎ ቅጥሩን ተከትሎ ሄደ። ሌላውም እንዲሁ። ሁሉም በደቡብ ባለው ክፍተት፣ ፍርስራሹን እየተንጠላጠለ ይገባል። አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ለልጃቸው ሰጥተው በአራት እግራቸው ድንጋዩን ሲወጡ አየሁ።

ጋሽ መኩሪያ ኖራው ገና አልደረቀም ብለው የፈሩ መሰላቸው። «እናቴ! አይወድቅም እኮ! እኔ ልሙት አይወድቅም!» እያሉ ጮኹ። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጡና መንጠላጠላቸውን ቀጠሉ። ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ መኩሪያ እንደማይወድቅ ለማሳየት ከጉበኑ ሥር ቆመው ዳቧቸውን በሉ። ሰው ሁሉ አያቸው፤ ሰላም እያላቸው በጎን ወጣ። አንድም ክፉ ቃል አልተሰማም። ክፉ ቃል ቢሰማ ይሻል ነበር።

በሚቀጥለው እሑድም ያው ነው። የወዙት መቃኖች ላይ የኖራ ብናኝ ተቀምጦ ነበር፤ የሚሳለማቸው ከንፈር ስላልነካቸው ማንም አልጠረገውም። ያን ብናኝ ሳይ ነው አንድ ነገር እንደተበላሸ ያወቅኩት።

ታደሰ በዚያ ሳምንት ፈትል ተሸክሞ ሲያልፍ ጋሽ መኩሪያ አዩት።

«ኧረ ታደሰ! ድንጋይ ከብዶህ ወደ ጥጥህ ተመለስክ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አያጣም፤ ምላሱ ከመወርወሪያው ይፈጥናል። ያን ቀን አልሳቀም። «ጋሼ፣ አቶ ቶጋን ጠይቃቸው» አለና መንገዱን ቀጠለ።

አቶ ቶጋ የአካባቢው ትልቅ ሽማግሌ ናቸው። ሜዳው ላይ፣ ድንጋዩ ከተነሳበት ጉድጓድ አጠገብ ቡልኳቸውን ለብሰው ተቀምጠው አገኘናቸው። ጉድጓዱ ውስጥ ብርሃን አይቶ የማያውቅ ሣር ቢጫ ሆኖ ነበር።

«በሩን አንተ ሠራኸው?» አሏቸው ጋሽ መኩሪያን።

«እኔ ነኝ አባቴ።»

«ጥሩ በር ነው።»

«ታዲያ ለምን አትገቡበትም?»

«ላይ የሰቀልከው እዚህ ነበር የሚተኛው።»

ጋሽ መኩሪያ ደም ሥራቸው ተገታተረ። «ጠይቄ ነው እኮ የወሰድኩት! ባለቤት የለውም ተብዬ!»

«እውነት ነው። ባለቤት የለውም። የአንድ ሰው ቢሆን ኖሮ ከሱ ትገዛው ነበር። ይሄን ከማን ትገዛለህ?»

«እኔ ሥራ ፈት መስሎኝ ነው።»

«ሥራ አለው» አሉ ሽማግሌው። «ሰው ሲጣላ ነው ሥራው። እዚህ እንሰበሰባለን። የተጣላው በዚህና በዚያ ይቀመጣል፤ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ይለምናል፤ ይታረቃል። ዘንድሮ ሰው በሰላም ነው፣ እርሻ ላይ ነው፤ ድንጋዩ ተኛ። አሁን የእርቅ ድንጋይ ከቦታው ወጥቶ ሰው አናት ላይ ሆነ። በሥሩ ካለፍን ጎሜ ነው።»

ቃሉን ሰምቼው አውቃለሁ። መነካት የሌለበት ሲነካ የሚመጣ ነገር ነው፤ በነካው ሰው ብቻ ሳይሆን በከብቱም በእህሉም በልጁም ላይ የሚመጣ።

«እንዲህ ከሆነ ለምን ዝም አላችሁን? ለምን አልከለከላችሁንም?» አልኩ እኔ ሳላስበው።

አቶ ቶጋ ወደኔ ዞሩ። አማርኛቸው ወንዱንም ሴቱንም በአንድ ነው የሚጠራው። «አንተ ልጄ፣ እናንተ በመንግሥት መኪና መጣችሁ። ነገሩ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ነው። በቤተ ክርስቲያን ነገር ጭቅጭቅ እንፈራለን። እኛ ዝም አልን፤ በጎን ገባን።»

ጋሽ መኩሪያ አቀበቱን ቀድመውኝ ወጡ። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ልቤ ሌላ ነገር ይል ነበር። ይህ የባዕድ አምልኮ ነገር ቢሆንስ? የእግዚአብሔርን ቤት በር ለሜዳ ድንጋይ ብለን እናፍርስ? ቄሰ ገበዙ ጋ ሄድኩና ጠየቅኳቸው። የዚያው አገር ልጅ ናቸው። ልብሰ ተክህኖ እያጠፉ ነበር፤ አጥፈው እስኪጨርሱ አልመለሱልኝም።

«አባቴና አጎቴ በመሬት ተጣልተው ሰባት ዓመት አልተነጋገሩም ነበር» አሉኝ። «የታረቁት እዚያ ድንጋይ ላይ ነው። በማግስቱ ሁለቱም መጥተው ቆረቡ። እኔ የነፍስ አባት ሆኜ ብቆጣ የቱን ልቆጣ፣ እርቁን ወይስ ቁርባኑን? ወንጌሉ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ሂድና ታረቅ አላለም? እነሱ የት ሄደው ይታረቁ?»

«ታዲያ አባ፣ እርስዎ ለምን አልነገሩንም?»

ያጠፉትን ልብሰ ተክህኖ አስቀመጡ። «በሩን እኔም ፈልጌው ነበር» አሉ።

አለቃችን ሲሰማ ተቆጣ። «ሕዝብ ይለምደዋል! ለንግሡ እንግዳ ተጠርቷል። የቆመ ሥራ አፍርሱ ብዬ የምፈርመው ምን ነክቶኝ ነው?» ልክም ሊሆን ይችል ነበር፤ ሰው ብዙ ነገር ይለምዳል። ጋሽ መኩሪያ ቆባቸውን በእጃቸው እያዞሩ ሰምተውት «ጌታዬ፣ እኔ በሰው አናት ላይ ፀብ ሰቅዬ ጡረታ አልወጣም» አሉና ወጡ። ማፍረሻ ፈቃድ ተሰጥቶን አያውቅም። ማንም ግን መጥቶ አልከለከለንም።

የተጫነ ጉበን ማውጣት ከመጫን ይከፋል። ከላዩ ያለውን ክዳንና ግንብ አንድ በአንድ ማውረድ፣ ከሥሩ በአጣና መደገፍ፣ መቃኖቹ እንዳይነቃነቁ ትንፋሽን መያዝ ነው። ጋሽ መኩሪያ የቀኙን መቃን አመኑት። ከውጭ ያለው ፊቱ ጤነኛ ነበር፤ እኔም በዝርዝር ለክቼዋለሁ። የውስጡ ግን ስንት ክረምት ውሃ ጠጥቶ ባዶ ሆኗል፤ «ሚዜ» የሚሉት ድንጋይ አንድም አልነበረውም። ለካ ይዞት የቆየው ያ ሸክም ነበር፤ ጉበኑ ሲነሳ ሸክሙ ቀለለ። ሆዱ ተከፈተ። «ሽሹ!» አሉ ጋሽ መኩሪያ። ሰው አልተጎዳም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ ሻማ አበራለሁ። የቀኙ መቃን ግን ከነመደቡ ወረደ። ሕዝቡ ሲሳለመው የኖረው፣ በቅባት የወዛው ድንጋይ ሦስት ቦታ ተሰበረ።

ጋሽ መኩሪያ ቁራጩን አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። አቧራው እስኪወርድ አልተነቃነቁም። «ስንት ትውልድ ቆሞ የቆየውን…» አሉ። ልናድነው የሄድነው ጥንታዊ ሥራ ግማሹ በእጃችን ጠፋ፤ ይህንን በሪፖርት አማርኛ እንዴት እንደሚጽፉት አውቃለሁ፣ «በጥገናው ወቅት መጠነኛ ጉዳት ደርሷል» ይባላል። መጠነኛ አልነበረም።

በማግስቱ ሳንጠራቸው የአገሬው ሠራተኞች መጡ። ታደሰም አለ። ረጃጅም ቀርከሃና ገመድ ይዘዋል። ድንጋዩን አስረው፣ በትከሻቸው አንስተው፣ እየተቀባበሉ በዜማ ወደ ሜዳው አወረዱት። ከአርባ ምንጭ ያመጣናቸው ጉልበተኞች ከዲጂኖ ጋር ሲታገሉበት የዋሉት ድንጋይ ነው። በቢጫው ሣር ላይ አሳርፈው አፈሩን በእጃቸው አስጠጉለት። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ቆርጠው ቆመው ነበር። ጋሽ መኩሪያ ከላይ፣ ከፍርስራሹ ሆነው አዩ እንጂ አልወረዱም። እኔ ዝቅ ብዬ ቆምኩ፤ ጸሎታቸው ባይገባኝም በልቤ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ።

እስከ ንግሡ በቀሩን ቀናት የቀኙን መቃን በአዲስ ድንጋይ አቆምነው። ክዳን የለውም፣ ጉበን የለውም፤ የግራው ጥቁርና ወዛም፣ የቀኙ ነጭና ሻካራ፣ መካከላቸው ሰማይ ነው። በደቡብ ያለውን ክፍተትም ደረደርነውና ዘጋነው። የእንጨት ጉበን የገባለት በሚቀጥለው በጋ ነው፤ ንድፉን እኔ ሠራሁት፤ ጋሽ መኩሪያ ያኔ መንዝ ገብተው ነበር።

የንግሡ ዕለት ከበሮው ከውስጥ ይሰማል። ሕዝቡ ከየአቅጣጫው በጠዋቱ ወጣ፤ ነጭ በነጭ ሆኖ ደጁን ሞላው። ሞላውና ቆመ። ማንም አልገባም። የሚታጠፉበት ክፍተት ደግሞ የለም። ገበዙ ከውስጥ ሆነው ብቅ ብለው አዩና ተመለሱ። ድንጋዩን መለስን፣ ደግሞ ምን ቀረ? ታቦቱ ሊወጣ ነው፤ ሕዝቡ ካልገባ ማን አጅቦት ይወጣል?

አቶ ቶጋ ከሰው መካከል ወጥተው ቅጥሩን ተከትለው ሲሄዱ አየሁና ተከተልኳቸው። ጋሽ መኩሪያ ከቅጥሩ ጀርባ፣ ኖራ ካቦካንበት ጉድጓድ አጠገብ ነበሩ። እጅጌያቸውን ሰብስበው የተረፈውን ኖራ በአፈር ይሸፍናሉ። በንግሥ ቀን! እሳቸው፣ በዓል የሚያከብሩት ሰውዬ።

«ና» አሏቸው አቶ ቶጋ።

«ኖራውን ሳልሸፍን ከብት ይገባበታል ብዬ ነው።»

«ከብት የለም። ና።»

«ልብሴም ንጹሕ አይደለም አባቴ። እናንተ ግቡ።»

«አንተ ሳትገባ ማን ይገባል? ፀቡን ያመጣው ነው ቀድሞ የሚያልፈው። ሰው አንተን ነው የቆመልህ።»

ጋሽ መኩሪያ ወደኔ አዩ። አቶ ቶጋ መልሱን አልጠበቁም፤ እጃቸውን ያዙና ጎተቱ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ እየጎተተ አንዱ እየተጎተተ፣ ቅጥሩን ዞረው ወደ ደጁ መጡ። ሕዝቡ መንገድ ከፈተላቸው። መቃኖቹ ጋ ሲደርሱ የጋሽ መኩሪያ እጅ ላይ የነበረው እርጥብ ኖራ የአቶ ቶጋን ቡልኮ ጫፍ ለቀለቀው። ጋሽ መኩሪያ አይተውት እጃቸውን ሊያስለቅቁ ሲሉ አቶ ቶጋ አጥብቀው ያዙ።

«ተወው» አሏቸው፤ «ይታጠባል።»

ሁለቱም ገቡ። ከኋላቸው እልልታው ፈነዳ፤ ሕዝቡም ገፋ፣ እኔንም እየገፋ ይዞኝ ገባ።